ያገለገለ የሊቲየም ባትሪ ለኤሌክትሪክ ባጃጅ፦ ከጨረታ እስከ ሐረጎ ዳገት (የሥራ ሂደት ማስታወሻ፣ ኮምቦልቻ)

ጥቅምት፣ ስሌት

አንድ የቤንዚን ባጃጅ ሞተሩ ወርዶ በ60 ቮልት፣ 4 ኪሎዋት የኤሌክትሪክ ሞተር እየተተካ ነው። ሞተሩ፣ ኮንትሮለሩ (ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኃይል የሚመጥነው) እና ዲፈረንሻሉ ተገዝተው የሚገጠሙ ዕቃዎች ናቸው። ገንዘቡን የሚበላው ባትሪው ስለሆነ ይህ ማስታወሻ የሚመለከተው እሱን ብቻ ነው።

ገበያ ከመውጣት በፊት ጭነቱን ማወቅ ይቀድማል። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር፣ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፤ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባጃጁ ከሾፌር፣ ከሦስት ተሳፋሪና ከባትሪው ጋር 700 ኪሎ ግራም ይመዝናል እንበል። ይህን ክብደት 650 ሜትር ወደ ላይ ማውጣት ብቻውን 1.24 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። የጎማው ልፊያ 0.75፣ የንፋሱ 0.2 ገደማ ይጨምራሉ። ጎማው ላይ የሚያስፈልገው 2.2 ኪሎዋት ሰዓት ሲሆን፣ ሞተርና ኮንትሮለር 20 በመቶውን በሙቀት ስለሚያባክኑት ከባትሪው የሚወጣው ወደ 2.8 ይደርሳል።

ይህ ብዙ አይደለም። የሚያስቸግረው ባንድ ጊዜ የሚጠየቀው ጉልበት ነው። 6 በመቶ ዳገት ላይ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ጎማው ላይ 3.1 ኪሎዋት ያስፈልጋል፤ ከባትሪው ሲወሰድ ወደ 3.9 ኪሎዋት፣ በ62 ቮልት 63 አምፔር ማለት ነው። በዚሁ መንገድ ላይ ያለው የሐረጎ ጠመዝማዛ ይህን ጉልበት ሳያቋርጥ ይጠይቃል። የሚፈለገው ባትሪ እንግዲህ 60 አምፔርን እየሰጠ ቮልቴጁ የማይወድቅ መሆን አለበት። አምፔር ሰዓቱ (የሚይዘው መጠን) በቂ ሆኖ ውስጣዊ ሬዚስታንሱ (ከውስጥ ኃይል የሚያባክነው ተቃውሞ) ከፍ ያለ ባትሪ ሜዳው ላይ ሲሄድ ደህና ይመስላል፤ ዳገት ላይ ግን ይቆማል።

ጥቅምት መጨረሻ፣ ከየት ይገኛል

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ስለተከለከለ የኤሌክትሪክ መኪናው ቁጥር ጨምሯል፤ ከተጋጩ መኪኖች የሚወርድ የባትሪ ጥቅልም አብሮ ይመጣል። ኢንሹራንሶች የተረከቧቸውን የተጎዱ መኪኖች በጋዜጣ ጨረታ እያወጡ ይሸጣሉ። ግን ለባጃጅ የሚሆነው ሁሉም አይደለም። የቢዋይዲ መኪና ብሌድ ሴል (ሴል ጥቅሉ የሚሠራበት ነጠላ ባትሪ ነው) 96 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም ሲሆን በጠንካራ ማጣበቂያ ከሳጥኑ ጋር ተያይዟል፤ ሳያጣምሙት ማላቀቅ ከባድ ነው፣ ከባጃጅ ወንበር ሥር ያለው ቦታም አይበቃውም። በኒኬልና ማንጋኒዝ የተሠሩት ሴሎች ክብደታቸው ትንሽ ቢሆንም ሲጎዱ የሚነሳባቸው እሳት ሌላው የሊቲየም ባትሪ ዓይነት ከሆነው ከብረት ፎስፌቱ የባሰ ነው። ተሳፋሪ ባትሪው ላይ በሚቀመጥበት ተሽከርካሪ ውስጥ ብረት ፎስፌት ይመረጣል። ከዚህም ሌላ ሙሉ የመኪና ጥቅል ከ300 ቮልት በላይ ስለሆነ የ1,000 ቮልት ጓንትና ልምድ የሌለው ሰው ክዳኑን ባይነካው ይሻላል።

ከባንኮች የሚወጡት የዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተር የሚያቆይ) ባትሪዎች አብዛኞቹ እርሳስ ናቸው። 12 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት የሆነው አንዱ ወደ 30 ኪሎ ይመዝናል፤ ለ60 ቮልት አምስቱ 150 ኪሎ ማለት ነው። ለዳገት አይታሰብም።

የተመረጠው የቴሌኮም ጣቢያ መጠባበቂያ የነበረ 48 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት የብረት ፎስፌት ሞጁል ነው። ውስጡ 15 ወይም 16 ሴል በተከታታይ ይዟል። ከመግዛት በፊት ይጠየቅ፤ 15 ከሆነ ሲሞላ 54.75 ቮልት፣ 16 ከሆነ 58.4 ቮልት ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይድበሰበስ መነገር አለበት፦ የማማ ባትሪ ይሰረቃል። አንዳንዶቹ ሞጁሎች ከቦታቸው ሲነቀሉ ራሳቸውን የሚቆልፉ ናቸው። «ትንሽ ተቆልፏል እንጂ አዲስ ነው» የሚል ሻጭ ካጋጠመ ዋጋውን ሳይጠይቁ መሄድ ነው። የሽያጭ ሰነድ፣ የመለያ ቁጥር ዝርዝርና የመውጫ ፈቃድ የሌለው ባትሪ ኬላ ላይ ይያዛል፤ ቢያልፍም ንብረቱ የሌላ ነው። ምናለሽ ተራም ሆነ ሱማሌ ተራ ሲገዛ ደረሰኝ ላይ መለያ ቁጥሩ ይጻፍ።

በጨረታ ሲገዛ ዕቃው የሚሸጠው «ባለበት ሁኔታ» ነው፤ መመለስ የለም። ማስከበሪያው በሲፒኦ ይያዛል፣ ባሸነፉበት ዋጋ ላይ 15 በመቶ ቫት ሊጨመር ስለሚችል ሰነዱ ይነበብ፣ ዕቃውን በሥራ ሰዓት ማየት ይፈቀዳል። ያ የማያ ሰዓት የሥራው ግማሽ ነው።

ኅዳር፣ ዕቃውን ማየት

ይዞ መሄድ፦ ቴስተር፣ ባትሪ ያለው የእጅ መብራት፣ የኮከብ ካቻቢቴ ስብስብ፣ ቀጭን ሽቦ፣ ማስታወሻ ደብተር።

ከውጭ መጀመሪያ የሚታየው ሳጥኑ ነው። የተነፋ ላሜራ፣ የውኃ መስመር፣ ተርሚናሉ ላይ አረንጓዴ ዝገት፣ እንደ ቀለም ማቅጠኛ ጣፈጥ የሚል ሽታ ከታየ ወይም ከሸተተ እዚያው ይተዋል። ሽታው የፈሰሰ ኤሌክትሮላይት ነው።

ተርሚናሉ ላይ 0 ቮልት ማሳየት ግን ባትሪው ሞቷል ማለት አይደለም። ቢኤምኤሱ (ሴሎቹን የሚጠብቀውና አደጋ ሲኖር መስመሩን የሚቆርጠው ሰሌዳ) ተኝቶ ሊሆን ይችላል፤ ሪሴት ቀዳዳውን በሽቦ ጥቂት ሰከንድ ተጭኖ መያዝ ወይም 53 ቮልት ገደማ ቻርጀር ለአፍታ ማገናኘት ያነቃዋል። ሻጩ ራሱ ሞቷል ብሎ ዋጋ የሚያወርድበት ሞጁል አንዳንዴ ከሁሉ የተሻለው ነው። በተቃራኒው 53 ቮልት የሚያሳይ ሞጁል ምንም አያረጋግጥም። የብረት ፎስፌት ሴል ከ20 እስከ 90 በመቶ ድረስ ቮልቴጁ እምብዛም አይንቀሳቀስም፤ ግማሽ አቅሙን ያጣም ሆነ አዲሱ 3.3 ቮልት ያሳያሉ።

ክዳኑን መክፈት ከፈቀዱ ቮልቴጅ በየሴሉ ይለካል። ከ2.0 ቮልት በታች የወረደ ሴል ቢሞላም አይታመንም፤ ያን ያህል ሲራቆት ውስጡ ያለው መዳብ ይሟሟል፣ ሲሞላ ደግሞ እንደ መርፌ ሆኖ ይቆምና ከውስጥ ያገናኛል። ከ2.0 እስከ 2.5 ያለው በ5 አምፔር ቀስ ብሎ እስከ 3.0 ይነሳና ፈተናውን ይጠብቃል። ሴሉ ላይ ያለው ኪውአር ኮድ ተፍቆ ከሆነ ሞጁሉ አንድ ጊዜ ተፈትቶ ከተለያዩ ቦታዎች በተሰበሰቡ ሴሎች ተሞልቷል ማለት ነው፤ ዋጋው በዚያ ልክ ይውረድ።

ሁለት ባለ16 ሴል ሞጁል ተወሰደ። ዋጋ ሲነጻጸር የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ቁጥሩ ለስሌት ያህል ብቻ ነው። አንዱ 30,000 ብር ቢሆን ሁለቱ 60,000፤ ወረቀቱ ላይ ያለው አቅም 10.24 ኪሎዋት ሰዓት ስለሆነ ሻጩ «ኪሎዋቱ 5,900 ብር እንኳ አይሞላም» ይላል። ቫቱ 9,000፣ ማጓጓዣው 5,000 ሲጨመር 74,000 ይሆናል። ከ32ቱ ሴል ተጣርቶ ባጃጁ ላይ የሚወጣው 5.5 ኪሎዋት ሰዓት ከሆነ እውነተኛው ዋጋ 13,450 ብር ነው። ጨረታ ላይ የሚቀርበው ዋጋ ከዚህኛው ቁጥር ወደ ኋላ ተቆጥሮ ይወሰን።

ጭነት፦ በአይሱዙ፣ ተርሚናሉ በናስትሮ ተሸፍኖ፣ ሲሶ ያህል ብቻ ሞልቶ። ተሳፋሪ በሚጭን አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አይደለም።

ኅዳር፣ ለምን ሳይፈታ አልተገጠመም

ቀላሉ መንገድ 48 ቮልት ሞተር ገዝቶ ሁለቱን ሞጁል በትይዩ ማሰር ነበር። የማይመከርበት ምክንያት ቢኤምኤሱ ነው። የመጠባበቂያ ባትሪ መብራት ሲጠፋ ለሰዓታት በትንሽ አምፔር እንዲሠራ የተዘጋጀ ነው፤ ዳገት መሃል ላይ አንዱ ሞጁል ቢቆርጥ ጭነቱ ሁሉ ሌላው ላይ ይወድቅና እሱም ይቆርጣል። ሁለቱን በተከታታይ ማሰር ደግሞ ከዚያ የከፋ ነው፦ አንዱ ቢኤምኤስ ሲቆርጥ ሁለቱም ሞጁል ሲሞሉ ያላቸው 116 ቮልት መስመሩን የሚቆርጡት ትራንዚስተሮች ላይ ያርፋል። ለዚያ አልተሠሩም፤ ይቃጠላሉ፣ ብዙውን ጊዜም ተገናኝተው ስለሚቃጠሉ ጥበቃ የሚባል ነገር አይቀርም።

ስለዚህ ሴሎቹ ተፈትተው ሃያው ይመረጣል። 20 ሴል በተከታታይ 64 ቮልት ነው፤ ሲሞላ 73.0። ለ60 ቮልት የተሠራ ኮንትሮለር አምስት የእርሳስ ባትሪ ሲሞላ የሚደርስበትን 73.5 ቮልት ስለሚችል ይስማማዋል።

የእነዚህ ሞጁሎች ባስባር (ሴል ከሴል የሚያገናኘው ጠፍጣፋ ብረት) በቡለን የታሰረ ነው። በብየዳ የተያያዘ ካጋጠመ ባስባሩን መሃሉ ላይ በሴጌቶ መቁረጥ ነው። ፍሌክስ አይነካውም፤ ብልጭታውና ፍንጣሪው ሁለት ተርሚናል ያገናኛል። ሰዓት፣ ቀለበት ይውለቅ፤ ኪያቤው ጫፉ ብቻ ቀርቶ በናስትሮ ይጠቅለል።

ታኅሣሥ፣ ፈተናው

የፋብሪካ ጭነት መፈተኛ ውድ ነው፤ የእንጀራ ምጣድ ሬዚስታንስ ይበቃል። 220 ቮልት፣ 3,500 ዋት የሆነው ሽቦ 13.8 ኦም ገደማ ነው። እንዳለ 51 ቮልት ላይ ቢታሰር የሚስበው 3.7 አምፔር ብቻ ነው፤ ባትሪውን ለማራገፍ ከአንድ ቀን በላይ ይፈጃል። አራት እኩል ቦታ ሲቆረጥ አንዱ ቁራጭ 3.45 ኦም ይሆናል፣ 14.8 አምፔር ይስባል። ሽቦው ምጣድ ላይ እያለ 15.9 አምፔር ይችል ስለነበር አይቃጠልም። አምስት ቦታ መቁረጥ ግን 18.5 አምፔር ስለሚያሳልፍበት ከልክ በላይ ይግላል። ሁለት ቁራጭ በትይዩ ሲታሰር ወደ 30 አምፔር፣ 1,500 ዋት ሙቀት ይወጣል። ሸክላ ጡብ ላይ፣ ደጅ፣ ከባትሪው ራቅ ብሎ ይቀመጥ።

መስመሩ ላይ ባለ100 አምፔር ሻንት (አምፔር የሚለካበት ትንሽ ሬዚስታንስ) ያለው የአምፔር ሰዓት ቆጣሪ ይገባል። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦

መጀመሪያ ሞጁሉ እንዳለ ይሞላል፤ አንዱ ሴል 3.65 ሲደርስ ቢኤምኤሱ ይቆርጣል። የቀሩት አንድ በአንድ በፓወር ሰፕላይ ይሟላሉ። ሰፕላዩ 3.65 ላይ የሚስተካከለው ሴሉ ላይ ከመታሰሩ በፊት ነው። ከታሰረ በኋላ ማስተካከል አይቻልም፤ ሴሉ ቮልቴጁን ወደ ራሱ ስለሚጎትተው ማሳያው ያሳስታል። የሚገባው አምፔር ከ5 በታች ሲወርድ ሞልቷል፤ አንድ ሰዓት ይረፍ።

ቀጥሎ ሬዚስታንሱ። አንድ ቁራጭ ታስሮ 15 አምፔር ሲረጋ የየሴሉ ቮልቴጅ ይጻፋል፤ ሁለተኛው ቁራጭ ይጨመርና ከ10 ሰከንድ በኋላ እንደገና ይጻፋል። ልዩነቱ ለ15 አምፔር ይካፈላል። 15 ሚሊቮልት የወረደ ሴል 1 ሚሊኦም ነው። የቴስተሩ ጫፍ የሴሉን ተርሚናል ራሱን ይንካ፤ ባስባሩን ወይም ቡለኑን ከነካ የመጋጠሚያው ሬዚስታንስ አብሮ ይቆጠራል። ከ2 ሚሊኦም በላይ ያለ ሴል ለዚህ ሥራ አይሆንም። ምክንያቱ ይህ ነው፦ 3 ሚሊኦም ሴል በ63 አምፔር 12 ዋት ሙቀት ያመነጫል፤ ሃያው እንዲህ ቢሆኑ 3.8 ቮልት ጠፍቶ 240 ዋት የሚያሞቅ ምድጃ ከወንበሩ ሥር ተቀመጠ ማለት ነው። የማለዳ ብርድ ሬዚስታንሱን ከፍ ስለሚያደርገው ሁሉም ሴሎች በተቀራራቢ ሙቀት፣ ቀትር ላይ ይለኩ።

ከዚያ አቅሙ። በ30 አምፔር እየፈሰሰ ሳለ የመጀመሪያው ሴል 2.8 ቮልት ሲደርስ ቆጣሪው ይነበባል፣ ያ የሴሉ አቅም ነው። ጭነቱ ይነቀላል፣ የሴሉ ሁለት ባስባሮች ይፈታሉ፣ ጎረቤቶቹ በ10 ስኩዌር (ካሬ ሚሊ ሜትር) ገመድ ይገናኛሉ፣ ሥራው ይቀጥላል። ባስባሩ ሳይፈታ ገመዱን በሴሉ ላይ ማዝለል ሴሉን ራሱን በቀጥታ ማገናኘት ነው፤ በሺህ የሚቆጠር አምፔር ይነጉዳል። ድካም ለመቀነስ ብሎ ይህን ደረጃ መዝለል የሚያሰኝ ሰዓት ይመጣል፤ ያን ጊዜ ሥራውን ለነገ ማሳደር ነው።

የወጣው፦ ከ32ቱ ሴል 3ቱ ከ60 አምፔር ሰዓት በታች፣ 9ኙ ከ71 እስከ 84፣ 20ው ከ86 እስከ 93። የሚገርመው ቮልቴጃቸው ሞጁሉ ሲገዛ ሁሉም 3.29 እና 3.30 ነበር። የሃያዎቹ ሬዚስታንስ ከ0.8 እስከ 1.3 ሚሊኦም ነው። ጥቅሉ አቅሙ የደካማው ሴል አቅም ስለሆነ 86 አምፔር ሰዓት ይያዛል፤ በ64 ቮልት 5.5 ኪሎዋት ሰዓት።

የመጨረሻው ፈተና ትዕግሥት ብቻ ይጠይቃል። ፈስሰው የተነሱት ሴሎች ቮልቴጃቸው ወደ 3.0 አካባቢ ተመልሶ ሲረጋ ይጻፍና ሁለት ሳምንት ሳይነኩ ይቀመጣሉ። እዚህ ቮልቴጅ ላይ ሴሉ ትንሽ ሲፈስ ቮልቴጁ ቶሎ ስለሚወርድ ትንሽ ልቅነት እንኳ ይታያል፤ 3.3 ላይ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ አይታይም ነበር። ከጓደኞቹ ከ30 ሚሊቮልት በላይ የወረደ ሴል ከውስጥ ያፈስሳል፤ ይወጣል። አንዱ ወጣና 84 አምፔር ሰዓት ባለው ሴል ተተካ። ጥቅሉ 84 አምፔር ሰዓት ሆነ፤ 5.4 ኪሎዋት ሰዓት።

ጥር፣ ማሰር

የሴሉ ሰማያዊ ፕላስቲክ ስስ ነው፣ ከሥሩ ያለው አሉሚኒየም ደግሞ ከፖዘቲቩ ጋር ንክኪ ያለው ነው። ኮብልስቶን ላይ የሚንቀጠቀጥ ባጃጅ ፕላስቲኩን በወራት ውስጥ ይፍቀዋል፤ ሁለት ሴል ጎን ለጎን ሲነካኩ በመሃላቸው ያለው ቮልቴጅ በሳጥናቸው በኩል ይገናኛል። በየመሃሉ ግማሽ ሚሊ ሜትር የፋይበርግላስ ሉህ ገብቷል፤ ጫፍና ጫፉ በላሜራ ተይዞ እንዳይላወስ ታስሯል እንጂ አልተጨቆነም።

ተርሚናሉ አሉሚኒየም ስለሆነ አየር ሲነካው የማያሳልፍ ቆዳ ያወጣል። በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ፣ ወዲያው ስስ ቫዝሊን ተቀብቶ፣ ኤም6 ቡለኑ በ5 ኒውተን ሜትር ታስሯል። በጉልበት የሚጠብቅ ሰው ጥርሱን ያወልቀዋል፤ አሉሚኒየም ይቅር አይልም። በ30 አምፔር እያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ ሚሊቮልት ተለክቷል፦ 3 ሚሊቮልት ደህና ነው፣ ከ6 በላይ ያሳየ ተፈትቶ እንደገና ይፈቃል።

ፊውዝ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የቤት ብሬከር ለኤሲ (ለቤት መስመር ኤሌክትሪክ) ነው፤ የዲሲ (የባትሪ ኤሌክትሪክ) ብልጭታን አያጠፋም፣ ራሱ ይነዳል። ለመኪና ቴፕ የሚሸጡት ጠፍጣፋ ፊውዞች ብዙዎቹ 32 ቮልት ናቸው። እንዲህ ያለ ጥቅል ቢገናኝ ወደ 3,000 አምፔር ሊሰጥ ስለሚችል ደካማ ቫልቮላ አይበቃውም። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ መሆኗ እዚህ ይጠቅማል፦ የፋብሪካ ሰሌዳ ላይ ያለው ኤንኤች00 ፊውዝ፣ 125 አምፔር፣ የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር ውስጥ ይገኛል። ገላው ላይ የዲሲ ቮልት የተጻፈበት ይመረጥ። ከባትሪው ፖዘቲቭ በጣም ቅርብ ሆኖ ይገባል። ዋናው ገመድ 25 ስኩዌር የብየዳ ገመድ ነው።

ቢኤምኤሱ ባለ20 ሴል ጄኬ፣ 150 አምፔር፣ በ1 አምፔር የሚያመጣጥን። ማስተካከያው፦ ከፍተኛ 3.60፣ ዝቅተኛ 2.80፣ ማመጣጠን የሚጀምርበት 3.42፣ የማፍሰሻ ገደብ 90 አምፔር፣ ከ0 ዲግሪ በታች መሙላት ክልክል። የማመጣጠኛ ሽቦዎቹ ሁሉ ተለክተው ቅደም ተከተላቸው ከተረጋገጠ በኋላ ነው ሶኬቱ የሚሰካው፤ አንድ ሽቦ ቢዛነፍ ቢኤምኤሱ ያበቃለታል። ማመጣጠኛው ከ3.42 በታች እንዲሠራ መተው ጉዳት አለው፤ ቮልቴጁ እምብዛም በማይንቀሳቀስበት ክልል የትኛው ሴል እንደሞላ ስለማይታወቅ የተስተካከለውን ያዛባል።

ቻርጀር ሲገዛ «60 ቮልት ሊቲየም» የሚለው ጽሑፍ አይበቃም። በዚያው ስም 67.2፣ 71.4 እና 73 ቮልት ይሸጣሉ። የሚያስፈልገው 73 የሆነው፣ 20 አምፔር ነው፤ ከተቻለ 72 ላይ ይውረድ። ለዕድሜው ይበጃል፣ የሚጠፋው አቅምም ከቁጥር አይገባም።

ጥር መጨረሻ፣ ዳገቱ

የኮንትሮለሩ ገደብ 70 አምፔር ላይ ተደረገ። ከሦስት ሰው ክብደት ጋር የሚተካከል የአሸዋ ጆንያ ተጭኖ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ተነዳ። ሜዳው ላይ 25 አምፔር ገደማ፣ ሐረጎ ላይ ከ55 እስከ 68። ዝቅተኛው ጥቅል ቮልቴጅ 61.4፣ ደካማው ሴል 3.02። ደሴ ሲደረስ ቆጣሪው 46 አምፔር ሰዓት አሳየ፤ ከስሌቱ ብዙም አልራቀም። ሙቀቱ መሃል ባሉት ሴሎች 38፣ ዳር ባሉት 33 ዲግሪ ነበር። ሁለት ቀዳዳ ከሳጥኑ ግርጌ፣ ሁለት ከላይ ተጨመረ፤ የጎማ ጭቃ እንዳይገባ የታችኞቹ ወደ ኋላ ዞረዋል።

ዳገቱ መጨረሻ ላይ 11ኛው ሴል ከሌሎቹ በ90 ሚሊቮልት ዝቅ ብሎ ነበር። ሴሉ ደህና ነው፤ የላላው ባስባሩ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያዎቹ 200 ኪሎ ሜትሮች በኋላ ቡለኖቹ ሁሉ እንደገና በ5 ኒውተን ሜትር ይፈተሹ፤ ኮብልስቶን ያላላቸዋል።

የቀሩት 12 ሴሎች፦ ከ71 እስከ 84 ካሉት 8ቱ አራት አራት ሆነው ለመብራትና ለቴሌቪዥን 12 ቮልት ባትሪ ይሆናሉ፤ በትንሽ አምፔር ለሚሠራ ነገር ሬዚስታንሳቸው አያሳስብም። ከ60 በታች ያሉት ሦስቱና ከውስጥ የሚያፈስሰው አንዱ እስከ 2.5 ቮልት ተራግፈው፣ ተርሚናላቸው ተሸፍኖ፣ አሸዋ ባለው የብረት በርሜል ውስጥ ደጅ ተቀምጠዋል። ለቁራሌው አይሰጡም፤ መዳቡን ለማውጣት በመዶሻ ይሰብራቸዋል።